እግረኛ የተረሳበት የባሕር ጠረፍ ጎዳና

በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ከ2002 ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በሚጠራው በፌርፋክስ ጎዳና፣ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሰዎች ቡና ይጠጣሉ። አንደኛው በአገራቸው ሳሉ በአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በቅየሳ ሥራ ሸምግለው ዛሬ ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ አዛውንት ናቸው፤ ሁለተኛው በሥራ ቀን ታክሲ የሚነዳ፣ በሰንበት በቤተ መቅደስ የሚያገለግል ዲያቆን ነው። በንግግራቸው የሚነሣው ዘመን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

ዲያቆኑ፦ ጋሼ፣ እንኳን አገኘሁዎ። የሰንበት ትምህርት ቤታችንን ልጆች በሚመጣው ቅዳሜ ወደ ማሊቡ፣ ዙማ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ልንወስዳቸው አስበናል፤ ወላጆችም በየመኪናቸው ሊያመጧቸው ተስማምተዋል። እርስዎም አብረውን ቢመጡ ደስታችን ነው።

ቀያሹ፦ እሰይ፣ ደግ አስባችኋል፤ ልጅ ባሕር ማየት አለበት። መኪኖቹን ግን የት ልታቆሙ ነው?

ዲያቆኑ፦ ከአሸዋው አጠገብ ያለው ሰፊ ማቆሚያ ገንዘብ ያስከፍላል። ስለዚህ ሌላው ሰው እንደሚያደርገው በአውራ ጎዳናው ጠርዝ፣ በነጻው ቦታ ተከታትለን እናቆማለን ብለናል። ጥቂት በእግር ቢያስኬድ ነው እንጂ ሌላ ምን ችግር አለው?

ቀያሹ፦ ችግሩ እርሱ ጥቂት በእግር መሄድ ያልኸው ነው። አንተ ፓሲፊክ ኮስት ሃይዌይ የሚሉትን ጎዳና የምታውቀው መሪ ጨብጠህ፣ መስኮትህን ዝቅ አድርገህ፣ ውቅያኖሱን በግራ ተራራውን በቀኝ እያየህ ስለ ሆነ ውበቱ ብቻ ይታይሃል። በእግሩ ለሄደበት ሰው ግን ሌላ መንገድ ነው። መኪናው በቆመ ጊዜ በጎዳናው በኩል ያለው በር ይከፈታል፤ ልጁ ዘሎ ይወርዳል፤ እናቲቱ ጥላውንና የምግቡን ሣጥን ከኋላ ታወጣለች፤ ከዚያ በኋላ በብዙው ስፍራ የእግረኛ መተላለፊያ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ በቆሙት መኪኖችና በነጩ መሥመር መካከል በቀረችው ጠባብ ቦታ፣ በሰዓት 45ና 50 ማይል፣ ማለት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረሩ ለሚያልፉ መኪኖች ጎናቸውን ሰጥተው፣ አንድ በአንድ ተሰልፈው ይሄዳሉ። ቀጥሎም ወደ ባሕሩ ለመሻገር መብራት ያለበት ስፍራ ሩቅ ከሆነባቸው፣ ልጁን በአንድ እጅ ሣጥኑን በሌላው እጅ ይዘው አራቱን መሥመር በሩጫ ያቋርጣሉ።

ዲያቆኑ፦ ይህስ እውነት ነው፤ ሲያቋርጡ አይቻለሁ፤ ፍሬን ይዤም አሳልፌአለሁ። እኔ ግን፣ ጋሼ፣ በመንገድ ማሳበቡን አልወደውም። መንገድ ግዑዝ ነው፤ ኅሊና የለውም። ኅሊና ያለው ነጂው ነው። ጥቅምት 17 ቀን 2023 በዚያው ጎዳና የደረሰውን ያስታውሳሉ፤ አራት የፔፐርዳይን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አራቱም ሴቶች፣ በምሽት በመንገዱ ዳር ሳሉ በመኪና ተገጭተው ሞቱ። ዐቃቤ ሕግ እንደሚለው ነጂው 45 ማይል በተፈቀደበት ስፍራ በሰዓት 104 ማይል ሲበር ነበር። ይህን ያህል ፍጥነት፣ ማለት በእኛ ልክ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ፣ መንገዱ አዘዘውን? በኦሪት ዘጸአት ስለ ወጊ በሬ የተደነገገውን እኔ ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ የሚወጋው በሬው ነው፤ ሜዳው አይከሰስም።

ቀያሹ፦ ነጂው በአራት የነፍስ ግድያ ወንጀል ተከሷል፤ ክሱን አልተቀበለም፤ ፍርዱን ለዳኛ እንተወው። እኔም ለማንም ነጂ ጠበቃ ልቆም አልመጣሁም። ነገር ግን የጠቀስኸውን ሕግ ከመካከሉ አትቁረጠው። በሬው ሰው በወጋ ጊዜ ባለቤቱ ነጻ የሚሆነው ጠባዩን ሳያውቅ እንደ ሆነ ነው፤ በሬው አስቀድሞ ወጊ መሆኑ ለባለቤቱ ተነግሮት፣ ሳይጠብቀው የቀረ እንደ ሆነ ግን ባለቤቱም በደሙ ይጠየቃል። እንግዲህ ለዚህ ጎዳና ባለቤት ስንት ጊዜ ተነገረው? በ2010 ሚያዝያ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ በዚያው መንገድ ዳር በእግሯ ስትሄድ በመኪና ተገጭታ ሞተች፤ የፊልም አዘጋጅ የሆኑት አባቷ የመንገዱን ነገር በፊልም አሳዩ፤ ከእርሷ ሞት ጀምሮ እስከ አራቱ ተማሪዎች ድረስ በማሊቡ ውስጥ በሚያልፈው በ21 ማይሉ ጎዳና የሞቱት 58 ደርሰው፣ ለመታሰቢያቸው 58 ነጭ የተቀቡ የመኪና ጎማዎች በመንገዱ ዳር ቆሙ። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ አላወቅሁም የሚል ባለቤት ሊኖር ይችላልን?

ዲያቆኑ፦ የመንገዱ ባለቤትስ ማን ነው? የማሊቡ ከተማ አይደለችምን?

ቀያሹ፦ ነገሩ የሚጠልፈው እዚህ ላይ ነው። ማሊቡ በ1991 ከተማ ሆና የተቋቋመች፣ 10 ሺሕ ያህል ነዋሪ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። ዋና ጎዳናዋ ግን የእርሷ አይደለም፤ የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት መንገድ ቁጥር 1 ነውና ባለቤቱ ካልትራንስ የሚሉት የክፍለ ግዛቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት ነው። ሕግ የሚያስከብረው ደግሞ በውል የተቀጠረው የሎስ አንጀለስ አውራጃ ሸሪፍ ነው። ስለዚህ ከተማይቱ በራሷ ሥልጣን አንድ መሻገሪያ ልቀባ ብትል ፈቃድ መጠየቅ አለባት፤ ፈቃድ ሰጪው በሩቅ ነው፤ የሚቀጣው ሌላ ነው፤ የሚቀብረው ደግሞ ወላጅ ነው። በእኛ መሥሪያ ቤትም አንድ ድልድይ በሁለት አውራጃ ወሰን ላይ ሲወድቅ ምን ያህል እንደሚዘገይ አውቃለሁ።

ዲያቆኑ፦ ሲሠሩትስ ለእግረኛ ቦታ መተው እንዴት አቃታቸው? ባሕር ዳር እግረኛ እንደሚበዛ የማያውቅ መሃንዲስ አለን?

ቀያሹ፦ ይህ ጥያቄ ደስ ይለኛል፤ ታሪኩ ረጅም ነውና ቡናህን ጨምር። በ1892 ፍሬደሪክ ሪንጅ የተባለ ባለጠጋ ያን ጠረፍ ከነተራራው ገዛው፤ ከ13 ሺሕ ኤከር የሚበልጥ ርስት ነው። በ1905 ሲሞት ርስቱ ለባለቤቱ ለሜይ ሪንጅ ተረፈ። ይህች ሴት በርስቷ ላይ ሌላ ሰው እንዲያልፍ ፈጽሞ አልፈቀደችም፤ በር አቆመች፣ አጥር አጠረች፣ ጠመንጃ የያዙ ፈረሰኞች ዘበኛ አደረገች። የሎስ አንጀለስ አውራጃ ደግሞ በጠረፉ ላይ መንገድ ማውጣት አለብኝ አለ። ሙግቱ ከዳኛ ወደ ዳኛ እየተላለፈ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1923 አውራጃው ረታ፤ መሬቱ ለሕዝብ መንገድ እንዲወሰድ ተፈረደ። መንገዱም በ1929 ተከፈተ።

ዲያቆኑ፦ እንግዲያማ ለሕዝብ የተፈረደ መንገድ ነው!

ቀያሹ፦ ለሕዝብ ተፈረደ፤ ግን ተከታዩን ስማ። ወይዘሮዋ በሙግቱ ብዙ ገንዘብ ፈሰሰባትና ወጪዋን ለመሸፈን ከ1926 ጀምሮ የባሕሩን ከንፈር እየቆራረጠች ለፊልም ተዋንያን ታከራይ ጀመር። ተዋንያኑ በአሸዋው ላይ ቤት ሠሩ፤ ሌላው ባለጠጋም እነርሱን አይቶ ሠራ፤ ቤት በቤት ላይ እየተጋጠመ ባሕሩን እንደ ግንብ ጋረደው። እርሷ በ1941 ሀብቷ አልቆ ሞተች፤ ያ የቤት ሰልፍ ግን ቀረ። አሁን ቀያሽ ሆነህ ተመልከተው፤ በአንድ ወገን የቤቶቹ ጀርባና የመኪና ቤቶቻቸው በር፣ በሌላው ወገን በየክረምቱ ድንጋይ የሚያወርድ ገደል፣ በመካከል አራት መሥመር አስፋልት። መንገዱ ለረጅም ጉዞ አውራ ጎዳና ተብሎ ተወጠነ፤ ቆይቶ ምግብ ቤቱ፣ ሱቁ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የመዋኛው ዳርቻ ሁሉ በእርሱ ላይ ተከፈተና የከተማ መንገድ ሆነ። የተለወጠው ግብሩ ነው፤ ቅርጹ አልተለወጠም። ነጂው ሰፊ መሥመር፣ ቀጥ ያለ ስፍራ፣ ለስላሳ አስፋልት ሲያገኝ እግሩ ሳያውቀው ይጫናል። በብረት ምሰሶ ላይ የተጻፈው 45 አንድ ነገር ይናገራል፤ ከጎማው በታች የተዘረጋው ነገር ደግሞ ሌላ ይናገራል፤ ሰውም ዘወትር የሚሰማው የታችኛውን ነው።

ዲያቆኑ፦ እኔ የላይኛውን እሰማለሁ።

ቀያሹ፦ ታክሲህ በቅጣት እንዳይወሰድብህ ትሰማ ይሆናል። ለመሆኑ በምሰሶው ላይ ያለው ቁጥር በምን እንደሚወሰን ታውቃለህ?

ዲያቆኑ፦ በሕግ ነዋ። አዋቂዎች የመንገዱን አደጋ መዝነው ይወስኑታል።

ቀያሹ፦ በዚህ ክፍለ ግዛት ሥርዓቱ እንዲህ ነበር፤ አሁንም መሠረቱ አልተነቀለም። ባለሙያው በመንገዱ ዳር ቆሞ የሚያልፉትን መኪኖች ፍጥነት ይለካል፤ ከመቶው 85ቱ የማያልፉትን ፍጥነት ያገኝና ወሰኑን በዚያ አጠገብ ያቆማል። አሳቡ በመጀመሪያ ክፉ አልነበረም፤ አንዳንድ ቀበሌዎች ሆን ብለው ዝቅተኛ ቁጥር ለጥፈው እንግዳ ነጂ እንዳይዘርፉ ታስቦ ነው። ስለዚህም በቂ ልኬት ሳይደረግ የተለጠፈ ቁጥር ሲሆን ፖሊስ በራዳር የያዘው ቅጣት በፍርድ ቤት ሊወድቅ ይችላል። ፍጻሜው ግን ምን ሆነ? ነጂው በፈጠነ ጊዜ ልኬቱ ከፍ አለ፤ ልኬቱ ከፍ ሲል ወሰኑ ከፍ አለ፤ ሕጉ በተላላፊው ኋላ እየተከተለ ሄደ። በሚዛኑም ላይ እግረኛ የለም፤ የሚለካው መኪና ብቻ ነውና በዳር የምትሄደው እናት ድምፅ የላትም። በ2021 የወጣ ሕግ ከተሞች ከዚህ ልማድ ጥቂት ዝቅ እንዲሉ ፈቀደላቸው።

ዲያቆኑ፦ ይገርማል! ይህማ ኃጢአት የሚሠሩትን ቈጥሮ ትእዛዙን በዚያው ልክ እንደ መጻፍ ነው።

ቀያሹ፦ አንተ አልኸው። የቁጥር ነገር ካነሣን ዘንድ ይህንም ልጨምርልህ። በሰዓት 45 ማይል የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 20 ሜትር ይበላል። ልጅ ከቆመ መኪና ጀርባ ብቅ ሲል ዐይን አይቶ፣ አእምሮ ወስኖ፣ እግር ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅ 30 ሜትር አለፈ፤ ከዚያ በደረቅ አስፋልት ላይ እስኪቆም ሌላ 30 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በ25 ማይል ቢሆን ግን ሁሉም ተደምሮ 26 ሜትር ያህል ነው። ፍጥነቱ እጥፍ እንኳ ሳይሆን ርቀቱ ከእጥፍ በላይ ማደጉን አስተውል፤ ጉልበቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነውና። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር የደኅንነት ተቋም በ2011 ያወጣው ጥናት ደግሞ እንዲህ ይላል፤ በ23 ማይል የተገጨ እግረኛ የመሞቱ ዕድል ከመቶ 10 ነው፤ በ42 ማይል 50 ይሆናል፤ በ58 ማይል 90 ይደርሳል። እንግዲህ 45 ማይል ሕጋዊ ነው፤ ግን በሕጋዊው ፍጥነት ብትገጭ እንኳ ከሁለት አንዱ ሞት ነው። አንተ የምትኮንነው ወሰን ያለፈውን ነው፤ እኔ የምፈራው ወሰኑንም ነው።

ዲያቆኑ፦ መቼም ካሜራ ሊያቆሙ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ ይህን አመሰግናለሁ። ተግሣጽ የሌለው ልጅና ቅጣት የሌለበት ነጂ አንድ ናቸው።

ቀያሹ፦ እኔም አልቃወመውም። በ2024 መስከረም የክፍለ ግዛቱ ገዢ የፈረሙት ሕግ ማሊቡ በዚያ ጎዳና አምስት የፍጥነት ካሜራ እንድታቆም ይፈቅዳል። በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ማስጠንቀቂያ ብቻ ይላካል፤ ከዚያ በኋላ ከወሰኑ ከ11 እስከ 15 ማይል ላሳለፈ 50 ዶላር፣ እስከ 25 ማይል ላሳለፈ 100 ዶላር፣ ከዚያ በላይ 200 ዶላር፣ በሰዓት 100 ማይልና ከዚያ በላይ ለነዳ 500 ዶላር ነው።

ዲያቆኑ፦ 500 ዶላር ብቻ? በዚያ ጎዳና ከሚያልፉት መኪኖች ብዙዎቹ የጎማቸው ዋጋ ከዚህ ይበልጣል! እኔ የተቀጣሁ እንደ ሆነ ግን ልጆቼ ይርባሉ።

ቀያሹ፦ ለድኾች ቅናሽ ተደንግጓል፤ ለባለጠጋ ጭማሪ ግን አልተደነገገም። ሆኖም ካሜራው መልካም ነገር አለው፤ አይደክምም፣ ፊት አይቶ አያደላም። ጉድለቱ ከሥራው በኋላ መምጣቱ ነው። ደብዳቤው በፖስታ የሚደርሰው ከቀናት በኋላ ሲሆን፣ ልጁ የሚሻገረው አሁን ነው። የመንገድ ሥራ ግን ነጂው ስፍራው ላይ ሳለ ይገሥጸዋል። መሥመሩን ጠበብ አድርገው፤ ሰው በሁለት ጊዜ ትንፋሽ ወስዶ እንዲሻገር በመካከል የእግረኛ ማረፊያ ደሴት ሥራለት፤ መብራቶቹን በተፈቀደው ፍጥነት ለሚሄድ ብቻ አረንጓዴ እንዲሆኑለት አያይዛቸው፤ ከመሻገሪያው አጠገብ ዐይን የሚጋርድ መኪና እንዳይቆም ከልክል። ይህ የመጨረሻው በ2023 በወጣ ሕግ በካሊፎርኒያ ሁሉ ተደንግጓል፤ ከመሻገሪያው በፊት 20 ጫማ፣ ማለት ስድስት ሜትር ያህል፣ ባዶ መተው አለበት። ስዊድኖች በ1997 በምክር ቤታቸው ያጸደቁት አሳብም ይኸው ነው፤ ሰው መሳሳቱ አይቀርም፣ ስሕተቱ ግን በሞት እንዳይከፈል መንገዱ ይሠራ፤ ለሠሪውም ኃላፊነት ይሁንበት።

ዲያቆኑ፦ ጋሼ፣ ይህ ትምህርት እኔን ያሰጋኛል። ሁሉን በመንገድ ሠሪ ላይ ከጣልን፣ ነጂው ነጻ ፈቃድ እንዳለው፣ ስለ ሥራውም እንደሚጠየቅ ማን ይነግረዋል?

ቀያሹ፦ አንተ ትነግረዋለህ፤ ለዚህ ተሹመሃል። ግን ስማ፤ ጻድቃን ብቻ እንዲያልፉበት ተብሎ የሚሠራ መንገድ የለም። መንገድ የሚሠራው ለሰከረውም፣ እንቅልፍ ላሸነፈውም፣ ስልኩን ለሚያየውም፣ ትናንት መንጃ ፈቃድ ለተቀበለውም ነው። በኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለሰገነቱ መከታ እንዲያደርግ የታዘዘውን ታውቃለህ፤ ከላይ የሚወድቅ ሰው ቢኖር ደሙ በባለቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። ሕጉ የሚወድቀውን ሰው «ለምን አላስተዋልህም» ብሎ አልጠየቀውም።

ዲያቆኑ፦ ይህንስ ተቀበልሁ። ስለ እግረኛውም ተረታሁ። ስለ ብስክሌተኞቹ ግን አልረታም! ያ የተጣበቀ ልብስ ለብሰው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ በመኪና መሥመር መካከል የሚሄዱት ምን ይባላሉ? ከሳንታ ሞኒካ በኩል በአሸዋው ላይ የተሠራላቸው የራሳቸው መንገድ አላቸው። ለምን በዚያ አይሄዱም?

ቀያሹ፦ ያ መንገድ በሎስ አንጀለስ የከተማ ምክር ቤት አባል በነበሩት በማርቪን ብራውድ ስም የሚጠራው ነው፤ ከቶራንስ ዳርቻ ተነሥቶ 22 ማይል ያህል በአሸዋው ላይ ይመጣል። እጅግ መልካም መንገድ ነው፤ ሕፃን ከአያቱ ጋር ይነዳበታል። ግን የት ላይ እንደሚያልቅ ታውቃለህን? ዊል ሮጀርስ በሚባለው የመንግሥት ዳርቻ፣ ወደ ማሊቡ ሳይገባ ያልቃል። ከዚያ በኋላ አሸዋው የቤት መሠረት ስለ ሆነ ብስክሌተኛው ወደ አንተ መሥመር ይወጣል። ያው ሰው ነው፤ ያው ብስክሌት ነው፤ ሲመጣ ሕፃንና አያት በሚነዱበት ነበር፣ አሁን ከካሚዮን ጋር ይጋፋል።

ዲያቆኑ፦ ጠርዙን ይዞ አይሄድምን?

ቀያሹ፦ በጠርዙ መኪኖች ቆመዋል፤ አንዳንዱ በር ሳያይ ይከፍትበታል። በጠርዙ አሸዋና ከገደል የወረደ ጠጠር አለ፤ የቆሻሻ በርሜል ይቆማል፤ የመንገዱ ትከሻ በአንድ ስፍራ ሦስት ሜትር ይሆንና ሃምሳ ሜትር ሳትሄድ ይጠፋል። በሠለጠነ ዐይን ብታየው፣ ብስክሌተኛው ወደ መሥመሩ መካከል የሚወጣው አንተን ለማናደድ አይደለም፤ ከሚከፈት በር ለመራቅና በግልጽ ለመታየት ነው። ሕጉም ለእርሱ ነው፤ ብስክሌትና መኪና ጎን ለጎን በደኅና ሊሄዱበት በማይበቃ መሥመር ውስጥ ጠርዝ የመያዝ ግዴታ የለበትም። አንተ ደግሞ ስታልፈው ከ2014 ጀምሮ ቢያንስ ሦስት ጫማ፣ ማለት ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ፣ እንድትተውለት ግዴታ አለብህ፤ ከ2023 ወዲህም ሌላ መሥመር ክፍት ሆኖ ከተገኘ መሥመርህን ለቅቀህ ማለፍ አለብህ።

ዲያቆኑ፦ የሦስት ጫማውን ሰምቻለሁ፤ መሥመር መልቀቁን ግን እኔ የማውቃቸው ነጂዎች ሁሉ አልሰሙም።

ቀያሹ፦ ንገራቸዋ። ሕግ በሣጥን ውስጥ ሳለ ማንንም አያድንም።

ዲያቆኑ፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መኪና በዳር መቆሙ ይህን ሁሉ መከራ የሚያመጣ ከሆነ፣ በአዋጅ ማስቀረት አይሻልምን? አንድ ምልክት መትከል ነው።

ቀያሹ፦ ይህን የሚመኙ በማሊቡ ብዙ አሉ፤ የሁሉም ምኞት ግን ስለ ልጆች ነፍስ ከማሰብ የመጣ አይምሰልህ። በዚህ ክፍለ ግዛት የባሕሩ ጠረፍ፣ ማዕበል የሚያረጥበው ስፍራ ሁሉ፣ የሕዝብ ነው፤ በ1976 የወጣው የጠረፍ ሕግም ሕዝብ ወደዚያ የሚደርስበትን መንገድ ይጠብቃል። ከዳር መቆምን ብትከለክል በባሕሩ የሚደሰት ማን ይቀራል? ቤቱ በአሸዋው ላይ ያለው ነው። ኢንግልውድ ወይም ቫሊ ከሚባሉት ሩቅ ስፍራዎች ሦስት ልጆች ይዞ የሚመጣ ሠራተኛ ግን ከባሕሩ ይከለከላል። ሜይ ሪንጅ በፈረሰኛ ያልቻለችውን ሌላው በምልክት እንዳይፈጽመው እፈራለሁ። ስለዚህ መድኃኒቱ ሰውን ከባሕር መከልከል አይደለም፤ መኪናው ቆሞ ሳለ፣ በመኪናውና በአጥሩ መካከል ሰው የሚሄድበት የተለየ መተላለፊያ መሥራት ነው። ቦታ የለም ይሉሃል። ከአራቱ መሥመር ከእያንዳንዱ ጥቂት ጫማ ብትወስድ ቦታው ይገኛል፤ በዚያውም መሥመሩ ሲጠብብ ነጂው ይረጋጋል።

ዲያቆኑ፦ ነጂዎች ይጮኻሉ። ያ ጎዳና በጧትና በማታ ወደ ሥራ የሚያልፍበት ሕዝብ አለው፤ እኔም አንዱ ነኝ። አሥር ደቂቃ መዘግየት ለእኔ ገንዘብ ነው።

ቀያሹ፦ እውነትህን ነው፤ ይህን ሳይቈጥር የሚናገር ሰው አይታመንም። ግን የሆነውን አስታውስ። ጥር 7 ቀን 2025 የፓሊሴድስ ቃጠሎ ያን ሰፈር በበላው ጊዜ ጎዳናው ለሕዝብ ተዘጋ፤ ግንቦት 23 ቀን ሲከፈት ቤቶቹ በተቃጠሉበት ክፍል ወሰኑ 25 ማይል ተደረገ። ፍርስራሽ የሚያነሡና መሥመር የሚጠግኑ ሠራተኞች በዳር ነበሩና ተገቢ ነው። ያ ሁሉ ዓመት አይቻልም ሲባል የነበረው ነገር በአንድ ትእዛዝ ተቻለ። እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አካፋ የያዘ ሰው በመንገዱ ዳር ሲቆም 25 ማይል የሚገባው ከሆነ፣ የመዋኛ ጎማ የያዘ ልጅ በዚያው ጎዳና ዳር ሲሄድ ስለ ምን 45 ይገባዋል?

ዲያቆኑ፦ ማንን ጠየቁ?

ቀያሹ፦ ለካልትራንስ ጻፍሁ። ልጄ በኮምፒዩተር አድርሳልኛለች። እናንተም ማኅበር ናችሁ፤ ብትጽፉ ከአንድ ሽማግሌ ይልቅ ትሰማላችሁ። ወደ ባሕሩ የሚሄደው ሕዝብ አንድም ቀን በጉባኤ ተገኝቶ ስለማይናገር፣ የሚናገረው የቤት ባለቤቱና ተመላላሹ ብቻ ሆኗል።

ዲያቆኑ፦ እንጽፋለን፤ ጸሓፊያችን ጎበዝ ናት። የቅዳሜውንም ነገር ቈረጥሁ፤ በሚከፈልበት ማቆሚያ እንገባለን። በዙማ ማቆሚያው ከጎዳናው ወዲያ በባሕሩ ወገን ስለ ሆነ አንድም ልጅ አስፋልት አይሻገርም። ዋጋውን ለመቀነስ መኪኖቹን እናሳንሳለን፤ አንዱ ወላጅ የሌላውን ልጅ ይጭናል። ለማይችሉት ደግሞ ከሙዳየ ምጽዋት ሳይሆን ከእኛ ከአገልጋዮቹ ኪስ እናዋጣለን።

ቀያሹ፦ እግዚአብሔር ይባርክህ። ከእኔም ኪስ ጨምር። አሁን አንድ ነገር ለአንተ ለባለ ታክሲው ልንገርህ። በጎዳና ዳር ቆመህ ስትወርድ በሩን በየትኛው እጅህ ትከፍታለህ?

ዲያቆኑ፦ ለበሩ በቀረበው ነዋ፤ በግራዬ።

ቀያሹ፦ ከዛሬ ጀምሮ በቀኝህ ክፈት። ቀኝ እጅህ ወደ በሩ እስኪደርስ ደረትህ ወደ ግራ ይዞራል፤ ደረትህ ሲዞር አንገትህ ይዞራል፤ ዐይንህ ሳትፈልግ ከኋላ የሚመጣውን ብስክሌተኛ ያያል። ሆላንዶች ለጀማሪ ነጂ የሚያስተምሩት ነው።

ዲያቆኑ፦ ተሳፋሪውስ? እርሱ የሚቀመጠው ከኋላ በቀኝ በኩል ነው።

ቀያሹ፦ እርሱ በግራው ይክፈት። በግራ በኩል የተቀመጠ ካለ ግን ወደ ቀኝ ተሻግሮ ይውረድ እንጂ በጎዳናው በኩል በር አይክፈት፤ የኋላውን ግራ በር መቈለፊያ ያለህ እንደ ሆነ ቈልፈው።

ዲያቆኑ፦ አለኝ፤ ለሕፃናት የተሠራው ቍልፍ። ለቅዳሜ ወላጆችም ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ።